ትንሽ አየር መንገድ አደገ የሚባለው መቼ ነው?

ስለ አየር መንገድ ዕድገት ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ በቅድሚያ የሚሮጠው ወደ ቁጥር ነው። ስንት አውሮፕላን አለው? አውሮፕላኖቹ ምን ያህል ግዙፍ ናቸው? ስንት አገር ይደርሳል? ከዚህም የተነሣ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን በአየር ማረፊያ ቆሞ ያየ ተማሪ «ይህ እኮ ዘመኑ ያለፈበት ነው» ሲል መስማት የተለመደ ሆኗል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ይህን አስተሳሰብ ልንሞግት እንወዳለን። ለሙግታችን ምስክር አድርገን የምናቀርበውም ከዴንማርክ የተገኙ ሁለት ትናንሽ አየር መንገዶችን ታሪክ ነው። አንደኛው 60 ዓመት ገደማ ካገለገለ በኋላ ባጭር ጊዜ ትልቅ ለመሆን ሞክሮ ወድቋል። ሁለተኛው ደግሞ ከአቅሙ ጋር የሚመጥን ሥራ እየፈለገ፣ ትንሽነቱንም ሳያፍርበት አድጓል። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባሕርና የደሴት አገር

ዴንማርክ በአውሮፓ ካሉ ትናንሽ አገሮች አንዷ ናት። ግሪንላንድንና የፋሮ ደሴቶችን ሳይጨምር የቆዳ ስፋቷ 43,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህች ትንሽ ምድር ግን በባሕር የተከፋፈለች ናት። በምዕራብ ከጀርመን ጋር የተያያዘው የዩትላንድ ልሳነ ምድር ይገኛል። በመካከል የፊን ደሴት፣ በምሥራቅ ደግሞ ዋና ከተማዋ ኮፐንሃገን ያለችበት የሼላንድ ደሴት አለ። ከሁሉም ርቃ፣ በባልቲክ ባሕር ውስጥ፣ ከዴንማርክ ይልቅ ለስዊድን የምትቀርበው የቦርንሆልም ደሴት ትገኛለች።

ከኮፐንሃገን እስከ ቦርንሆልም ዋና ከተማ እስከ ሮነ በቀጥታ መስመር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰሜን ዩትላንድ እስካለችው እስከ ኦልቦርግ ደግሞ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ርቀቱ አጭር ነው፤ ነገር ግን በመካከል ባሕር አለ። የዴንማርክ ትናንሽ አየር መንገዶች የተወለዱት ከዚህ ሁኔታ ነው። የሚወዳደሩት ከሌላ አውሮፕላን ጋር ብቻ ሳይሆን ከመሻገሪያ መርከብ፣ ከባቡርና ከመኪና ጋርም ጭምር እንደ ሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሲምበር፦ የ62 ዓመት ጉዞ

ሲምበር ኤር የተባለው አየር መንገድ በ1950 በካፒቴን ኢንጎልፍ ኒልሰን ተመሠረተ። መቀመጫው በደቡብ ዩትላንድ፣ በጀርመን ድንበር አጠገብ ያለችው የሶነርቦርግ ከተማ ነበረች። ስሙን ያገኘውም በጥንት ዘመን በዚያ አካባቢ ይኖሩ ከነበሩት ከሲምብሪ ሕዝቦች ነው። ድርጅቱ ጥቂት መንገደኞችን በሚይዙ አውሮፕላኖች ጀምሮ፣ ቀስ በቀስ የክፍለ አገሩን ሰው ከዋና ከተማው ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ሆነ።

በ1971 ኤስ.ኤ.ኤስ.፣ ሜርስክ ኤርና ሲምበር ተባብረው ዳንኤር የተባለ የአገር ውስጥ በረራ ድርጅት አቋቋሙ። ከሦስቱ ሲምበር የያዘው ድርሻ እጅግ ትንሹን ነበር። ይሁን እንጂ ትንሹ ድርሻ አላጠፋውም፤ እንዲያውም ለትልልቆቹ አመቺ ያልሆኑትን አጫጭር መስመሮች ለመያዝ አስችሎታል። ኋላም ለጀርመኑ ሉፍታንዛና ለኤስ.ኤ.ኤስ. አውሮፕላኑን ከነአብራሪዎቹ እያከራየ ይሠራ ነበር። ይህ ዓይነቱ አሠራር በዘርፉ የታወቀ ነው። ትልቁ አየር መንገድ ትኬቱን ይሸጣል፤ ትንሹ አየር መንገድ ይበራል። አትራፊ ያልሆነ ወንበር የመሸጥ ሥጋት በአብዛኛው የሚወድቀው በአከራዩ ላይ ሳይሆን በተከራዩ ላይ ነው።

ሲምበር አዲስ ነገር መሞከርን የሚፈራ ድርጅት አልነበረም። በ1975 ቪ.ኤፍ.ደብሊው. 614 የተባለውን፣ ሞተሮቹ ከክንፎቹ በላይ የተተከሉለትን ትንሽ የጀርመን ጄት ከሁሉ ቀድሞ የተረከበው እርሱ ነው። ነገር ግን አውሮፕላኑ ገበያ አላገኘም፤ ፋብሪካው 19 ያህል ብቻ ሠርቶ በ1977 ምርቱን አቆመ። ሲምበር በዚህ ምክንያት አልወደቀም። ሙከራው ከአቅሙ ያላለፈ ስለ ነበር ወደ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። ፈረንሳይና ጣሊያን በጋራ የሠሩት፣ 48 ያህል መንገደኛ የሚይዘው ኤ.ቲ.አር. 42 በ1980ዎቹ አጋማሽ ለገበያ ሲቀርብም ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዱ ሆነ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን ከሰማይ ሳይሆን ከምድር ነው። የፊንንና የሼላንድን ደሴቶች የሚያገናኘው 18 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የታላቁ ቤልት መሻገሪያ በ1997 ለባቡር፣ በ1998 ደግሞ ለመኪና ተከፈተ። ቀድሞ በመርከብ አንድ ሰዓት ያህል ይወስድ የነበረው መሻገሪያ በመኪና ወደ ሩብ ሰዓት ወረደ። በዚህም ምክንያት የዴንማርክ የአገር ውስጥ የአውሮፕላን መንገደኛ ቁጥር እጅግ አሽቆለቆለ፤ ከኮፐንሃገን ወደ ኦዴንሴ ይደረግ የነበረው መደበኛ በረራም ተቋረጠ። መሐንዲሶች የሠሩት ድልድይ የአየር መንገዶችን ገበያ ወሰደ ማለት ነው። እኛ በዚህ አናዝንም፤ ለሕዝቡ የተሻለ ነገር መጥቷልና። ጥያቄው ገበያው ሲጠብ ትንሹ አየር መንገድ ምን ያድርግ የሚለው ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት

ሲምበር የመረጠው መልስ ድንገት መግዘፍ ነበር። በኦክቶበር 2008 ስተርሊንግ የተባለው በርካሽ ዋጋ መንገደኛ የሚያጓጉዝ የዴንማርክ አየር መንገድ ከሰረ። ስተርሊንግ በ1962 የተመሠረተና ዴንማርካውያንን ወደ ሞቃታማዎቹ የሜዲትራኒያን ዳርቻዎች በማመላለስ የታወቀ ድርጅት ነበር። ሲምበር በዲሴምበር 2008፣ ማለትም ስተርሊንግ ከከሰረ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ከኪሳራው የተረፈውን ስምና የሥራ ክፍል ገዛ። ከጃንዋሪ 2009 ጀምሮም «ሲምበር ስተርሊንግ» በሚል ስም በትልልቅ ቦይንግ 737 ጄቶች ጭምር ወደ ደቡብ አውሮፓ መብረር ያዘ።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በ2009 መጨረሻ ድርጅቱ አክሲዮኑን በኮፐንሃገን የአክሲዮን ገበያ አቀረበ። በ2011 አብላጫው ድርሻ የዩክሬናዊው ባለሀብት የኢሆር ኮሎሞይስኪ ወደ ሆነ ኩባንያ ተላለፈ። ሜይ 3 ቀን 2012 ሲምበር ስተርሊንግ መክሰሩን አስታወቀ፤ አውሮፕላኖቹም ቆሙ። 59 ዓመት ገደማ በትንሽነት የኖረው ድርጅት በትልቅነት የኖረው ሦስት ዓመት ከአራት ወር ብቻ ነው። ከፍርስራሹ የተረፈው ምን እንደ ሆነ ማየትም ያስተምራል። ሥራውን የቀጠለው ለኤስ.ኤ.ኤስ. በትናንሽ ጄቶች በኪራይ የሚበርረው ክፍል ነበር። ይህም ድርጅቱ ከመግዘፉ በፊት የለመደው ሥራ ነው።

ፊዚክሱ ምን ይላል?

ይህን የምናነሣው የነጋዴዎችን ስሕተት ለመቁጠር አይደለም። በጉዳዩ ውስጥ የሳይንስ ተማሪ በወረቀትና በእርሳስ ሊያሰላው የሚችል እውነት ስላለ ነው።

አውሮፕላን ወደፊት የሚሄደው አየርን ወደ ኋላ በመግፋት ነው። የሚገኘው ኃይል በሴኮንድ ከተገፋው አየር መጠነ ቁስና በአየሩ ላይ ከተጨመረው ፍጥነት ብዜት ጋር እኩል ነው። ወደ ኋላ በሚወረወረው አየር ውስጥ በከንቱ የሚቀረው ኢነርጂ ግን የሚያድገው በተጨመረው ፍጥነት ካሬ ልክ ነው። አንድ ሞተር በሴኮንድ 100 ኪሎ ግራም አየር ወስዶ ፍጥነቱን በሴኮንድ በ200 ሜትር ቢጨምር 20,000 ኒውተን ኃይል ይሰጣል፤ በከንቱ የሚቀረው ደግሞ በሴኮንድ 2,000,000 ጁል ነው። ሌላው 400 ኪሎ ግራም አየር ወስዶ ፍጥነቱን በ50 ሜትር ብቻ ቢጨምር ያንኑ 20,000 ኒውተን ያስገኛል፤ በከንቱ የሚቀረው ግን 500,000 ጁል፣ ማለትም የመጀመሪያው ሩብ ነው። ፕሮፔለር የሚሠራው እንደ ሁለተኛው ነው፤ ብዙ አየር ወስዶ በዝግታ ይገፋል። ኤ.ቲ.አር. 42ን የመሰሉ አውሮፕላኖች ይህን ፕሮፔለር የሚያዞሩት በጋዝ ተርባይን ስለ ሆነ ሞተራቸው ከጄት ሞተር ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ ፕሮፔለሩን «ያረጀ» ማለት ሳይንሱን አለማወቅ ይሆናል።

በእርግጥ ፕሮፔለር ገደብ አለው። ፍጥነት ሲጨምር የስለቱ ጫፍ ወደ ድምፅ ፍጥነት ይጠጋና ብቃቱ ይቀንሳል። በረጅም መስመር ላይ ጄት የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው። በአጭር መስመር ላይስ? ከኮፐንሃገን እስከ ሮነ ያለውን 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር የሚበርር ባለ ፕሮፔለር በ18 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበርር ጄት ደግሞ በ11 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ልዩነቱ 7 ደቂቃ ነው። እሱም ቢሆን በወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ጄቱ በዚህ አጭር ርቀት ወደሚስማማው ከፍታ ወጥቶ በሙሉ ፍጥነቱ ለመብረር ጊዜ አያገኝምና። ለእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ሲባል ተጨማሪ ነዳጅ ማቃጠል ምን ይባላል?

የወንበር ቁጥርም እንዲሁ ነው። በአንድ መስመር ላይ በቀን 160 ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ይጓዛል እንበል። 180 ወንበር ያለው ጄት በአንድ በረራ ሁሉንም ያደርሳል። 48 ወንበር ያላቸው አውሮፕላኖች ግን አራት በረራ ያስፈልጋቸዋል። በአንድ ወንበር ሲካፈል የትልቁ ወጪ ብዙ ጊዜ ያነሰ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ከቦርንሆልም ተነሥቶ ኮፐንሃገን ሐኪም ዘንድ የሚቀርብ፣ ወይም ስብሰባ ኖሮት ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው የሚገዛው ወንበር ብቻ ሳይሆን ሰዓትም ነው። በቀን አንድ በረራ ካለ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ አይችልም፤ አራት በረራ ካለ ይችላል። ደግሞም መንገደኛው በክረምት ወደ 40 ቢወርድ ትንሹ አውሮፕላን ከወንበሮቹ 83 በመቶውን ሞልቶ በአንድ በረራ ይጨርሰዋል፤ ትልቁ ግን 22 በመቶውን ብቻ ሞልቶ ይበራል። ለአጭርና ለጠባብ መስመር ትንሽ አውሮፕላን የሚሻለው በዚህ ስሌት ነው።

ሁለተኛው መንገድ

ዴኒሽ ኤር ትራንስፖርት፣ ዛሬ በአጭሩ ዲ.ኤ.ቲ. የሚባለው አየር መንገድ፣ በ1989 በጄስፐር ሩንግሆልምና በኪርስተን ሩንግሆልም ተቋቋመ። መነሻው በዩትላንድ፣ በኮልዲንግ አቅራቢያ ያለችው ትንሿ የቫምድሩፕ አየር ማረፊያ ናት። ሥራውን የጀመረው በጭነት ነው። ፖስታና አስቸኳይ ዕቃ፣ ፈረሶችም ሳይቀሩ ያመላልስ ነበር። መደበኛ የመንገደኛ በረራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የአውሮፕላኖቹም መሠረት ኤ.ቲ.አር. 42 እና ኤ.ቲ.አር. 72 ሆኑ።

ሲምበር ስተርሊንግ በሜይ 2012 ሲከስር በኮፐንሃገንና በሮነ መካከል ያለውን መስመር የያዘው ይኸው ድርጅት ነው። ለደሴቲቱ ነዋሪዎች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በኮፐንሃገንና በስዊድን መካከል የኦረሱንድ ድልድይ በ2000 ከተከፈተ በኋላ በስዊድን በኩል ዞሮ፣ ከዚያም በመርከብ ተሳፍሮ ቦርንሆልም መድረስ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ ጉዞ ሰዓታትን ይፈጃል። በአውሮፕላን ግን ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ዲ.ኤ.ቲ. በ2018 ደግሞ ወደ ጣሊያን ተሻግሮ የላምፔዱዛንና የፓንቴለሪያን ደሴቶች ከሲሲሊ ከተሞች ጋር የሚያገናኙ መስመሮችን በጨረታ አሸንፎ መብረር ጀመረ። የሰሜን አውሮፓ ድርጅት በሜዲትራኒያን ምን ይሠራል ሊባል ይችላል። ካርታውን ስናይ ግን መልሱ ግልጽ ነው። ርቀቱ ከ130 እስከ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከል ባሕር አለ፤ መንገደኛው ጥቂት ነው፤ በረራው ግን በየቀኑ ያስፈልጋል። ቦርንሆልም ላይ የተማረውን ወስዶ ሌላ ቦርንሆልም ፈለገ ማለት ነው። በእኛ አስተያየት ዕድገት ማለት ይህ ነው። ሲምበር ስተርሊንግ ወዳልለመደው ሥራ ሲሻገር፣ ዲ.ኤ.ቲ. የለመደውን ሥራ ይዞ ወደ አዲስ ቦታ ተሻገረ።

ተቃውሞዎችና መልሳችን

ከዚህ በተቃራኒ የሚነሡ ሦስት ቁም ነገሮች አሉ፤ ልናልፋቸው አይገባም።

የመጀመሪያው፣ ሲምበርን የጣለው መግዘፉ ሳይሆን ክፉ ዘመን ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ የ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ነበረ። በኤፕሪል 2010 ደግሞ የአይስላንዱ የኤያፍያላዮኩል እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ለቀናት ዘጋ። ነገር ግን ማዕበሉ የመጣው በሁሉም ላይ ነው። በማዕበል ጊዜ ጥልቅ ውኃ ውስጥ የገባ ሰውና ዳር ላይ የቆመ ሰው የሚደርስባቸው አንድ አይደለም።

ሁለተኛው፣ እንደ ጣሊያን ደሴቶች ያሉ መስመሮች በመንግሥት ገንዘብ የሚደጎሙ ናቸውና ዕድገቱ እውነተኛ አይደለም የሚል ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት መንግሥት ለሕዝብ የግድ የሚያስፈልግን፣ ነገር ግን በራሱ የማያተርፍን መስመር በግልጽ ጨረታ ለአንድ አየር መንገድ ሊሰጥ ይችላል፤ መብቱም በመደበኛው ከአራት ዓመት አይበልጥም። ድጎማው ለደሴቲቱ ሰዎች መንገድ የሚሠራ ነው፤ ለተራራማ ቀበሌ ጥርጊያ መንገድ እንደሚሠራው ማለት ነው። አየር መንገዱም በየጊዜው ብቃቱን አሳይቶ እንደገና መወዳደር አለበት።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ትንሽነት በራሱ ደኅንነት አይደለም። በጃንዋሪ 31 ቀን 2005 ከኖርዌይ ቤርገን ወደ ፍሎሮ የሚበርር የዲ.ኤ.ቲ. ኤ.ቲ.አር. 42 በአየር ላይ ሳለ የጭራው አንድ መቆጣጠሪያ ክፍል ከማጠፊያው ላላ። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን ተቆጣጥረው ቤርገን በሰላም አሳረፉት፤ በምርመራውም መቆጣጠሪያውን የሚይዙ ብሎኖች መጥፋታቸው ታወቀ። አጭር መስመር የሚበርር አውሮፕላን በቀን ብዙ ጊዜ ይነሣል፣ ያርፋል፤ ሰውነቱ በአየር ግፊት በየበረራው ይወጠራል፣ ይላላልም። ስለዚህም የጥገናው ጊዜ የሚወሰነው በበረረበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን በተነሣበትና ባረፈበት ቁጥር ጭምር ነው። በትንሽ ድርጅት ውስጥ ከሁሉ በፊት ማደግ ያለበት የጥገና ክፍሉ ነው ብንል አንሳሳትም። ይህ ግን ነጥባችንን ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም፤ የነበረውን በሚገባ ሳያጠብቅ አዲስ የሚጨምር ሁሉ ብሎኑ እንዳልጠበቀ አውሮፕላን ነውና።

ለተማሪዎቻችን

ይህን የዴንማርክ ታሪክ የምናነብበው ለመደነቅ ብቻ አይደለም። የአገራችን አየር መንገድም በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ ኪው 400 የተባሉትን ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ያሰማራል። ከኤሮኖቲክስ እስከ ኢኮኖሚክስ የምትማሩ ወጣቶች በእነዚህ አውሮፕላኖች ስትሳፈሩ «ለምን ጄት አልሆነም?» ብላችሁ ከማጉረምረማችሁ በፊት ርቀቱን፣ የመንገደኛውን ቁጥርና የማረፊያውን ከፍታ ጻፉና አስሉ። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በ20 በመቶ ያህል ያንሳል። ይህ በክንፍና በሞተር ላይ ምን ያስከትላል? ስሌቱ ከዴንማርክ ሜዳ ይለያል፤ የጥያቄው መንገድ ግን አንድ ነው።

ሲምበር 62 ዓመት የኖረው ለደቡብ ዩትላንድ ሰው የሚመጥን ድርጅት ስለ ነበረ ነው፤ የወደቀውም ያን መመጠን በተወ ጊዜ ነው። በዚያ የሜይ ቀን ሥራቸውን ያጡት አብራሪዎች፣ የጥገና ባለሙያዎችና አስተናጋጆች ለአንድ የተሳሳተ የዕድገት ትርጉም ዋጋ ከፍለዋል። እናንተ ነገ ድርጅት የምትመሩ፣ አውሮፕላን የምትመርጡ፣ መስመር የምታቅዱ ናችሁ። ያን ጊዜ «ምን ያህል ትልቅ እንሁን?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የምናገለግለው ሰው ስንት ነው? ወዴት ይሄዳል? መቼስ ሊመለስ ይፈልጋል?» የሚለውን ታስቀድሙ ዘንድ አደራ እንላለን።